የባሕር አረም ቅርጫ፤ ከደሴ እስከ አውሮራ

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወዲህ ቤቴ ሰው አጥቶ አያውቅም። ሁሉም ንገሪን ይለኛል። የነገርኩት ወሬ ግን ሰፈር ለሰፈር ዞሮ ሲመለስልኝ ሌላ ሆኖ ነው። ባለፈው ሳምንት ወፍጮ ቤት አንዲት ሴት፣ እኔ መሆኔን ሳታውቅ፣ "የሺመቤት አሜሪካ ሄዳ ዳኛ ፊት ቀርባ ተፈረደባት" ብላ ለራሴው ነገረችኝ። ዳኛ ፊት መቅረቤ እውነት ነው፤ የቀረብኩትም በባሕር አረም ጉዳይ ነው። ፍርዱ ግን እንደዚያ አይደለም። ነገሩ እንዲህ ሲጣመም ዝም ብዬ ከማይ፣ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቼ እንደሆነው ልጻፈው ብዬ የልጅ ልጄ የሰጠችኝን ደብተር ከፈትኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ አጻጻፉ ካላማረ በዚያ ይታለፍልኝ። ውሸት ግን የለበትም።

የመጀመሪያው ቀን። ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል ከደሴ አውቶቡስ ተራ ተነሣን። ቲኬቴ ላይ በተጻፈው ወንበር አንድ ወፍራም ሰውዬ ተቀምጦ አገኘሁት። የእኔ በመስኮቱ በኩል ነው፣ የእሱ መሐል። "እማማ፣ ምን ለውጥ አለው፣ ሁላችንም የምንደርሰው አዲስ አበባ ነው" አለኝ። ለውጥ ከሌለው እንግዲያው ተነሥ አልኩት። እኔ በሰፈራችን ቦኖ ውሃ የወረፋ ጠባቂ ነኝ። ማንም አልሾመኝም፤ ነገር ግን እኔ በሌለሁበት ቀን እንስራ ይሰበራል። ሰውዬው ተነሣ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ አውቶቡሱን ሲውጠውና ሹፌሩ መንገዱን በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሲፈልግ፣ ያው ሰውዬ ብርቱካን ልጦ ግማሹን ሰጠኝ። ሰው ቦታውን ካወቀ በኋላ ደግ ነው።

ሁለተኛው ቀን የት ላይ አልቆ ሦስተኛው የት እንደጀመረ አላውቅም። አውሮፕላን ውስጥ ፀሐይዋ አብራን ትሄዳለች፤ እንደ ሰነፍ ሎሌ ወደ ኋላ ትቀራለች እንጂ አትጠልቅም። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። አስተናጋጇ ዶሮ አመጣችልኝ፤ እጄን አወራጭቼ እንደማልበላ አስረዳኋት። ዶሮውን ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት በላው፣ እኔም የእሱን ዳቦና ሰላጣ ወሰድኩ። ልውውጡ ፍትሐዊ ነበር፤ ሲጨርስ ግን ኬኬንም ሊወስድ እጁን ሲዘረጋ መታሁት። ባልበላውም ኬኩ የእኔ ነው። ኋላ ራሴ ሰጠሁት።

ዴንቨር ስንደርስ የአውሮፕላን ማረፊያው ጣሪያ ነጭ ድንኳን ሆኖ አገኘሁት። አንድ አይደለም፤ ብዙ ድንኳን ጫፍ ለጫፍ ተያይዞ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ድንኳን የሚተከለው ወይ ለሠርግ ነው ወይ ለለቅሶ፤ ሙዚቃ ደግሞ አይሰማም። ልጄ ጥሩወርቅ ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ስትጠመጠም መጀመሪያ የጠየቅኳት "ማነው የሞተው?" ብዬ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሳንተያይ ቆይተን ይህ የመጀመሪያው ቃሌ በመሆኑ እስካሁን ትስቅብኛለች።

አማቼ ሰይፉ ሰው ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሆቴል የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ወደ ቤት ሲወስደን አንድ ነገር አየሁ፤ አሜሪካን የወደድኩት በዚያ ነው። አራት መንገድ በሚገናኝበት ቦታ መብራትም ፖሊስም የለም። አንድ ቀይ ምልክት ብቻ ተተክሏል። መኪኖቹ ሁሉ ይቆማሉ፤ መጀመሪያ የደረሰው መጀመሪያ ያልፋል፤ ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው። ማንም አይሰዳደብም። እዚህ አገር እኔ ሥራ ፈት ነኝ ብዬ አሰብኩ። በቀጣዩ መስቀለኛ መንገድ ሰይፉ የአንዲት አሮጊትን ተራ ቀምቶ ሲያልፍ ግን ሥራ እንዳለኝ ገባኝ። እስከ ቤት ድረስ ነገርኩት።

አራተኛው ቀን። ቤታቸው ከቻምበርስ ሮድ ገባ ብሎ፣ አውሮራ በሚባለው ከተማ ነው። አውሮራና ዴንቨር ሁለት ናቸው ይላሉ፤ የት ላይ እንደሚለያዩ ግን የሚያሳየኝ አላገኘሁም። ሕንጻዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንድ ዓይነት ደረጃ፣ አንድ ዓይነት በር፣ አንድ ዓይነት የበረዶ ክምር። ይህ ኋላ ላይ ጉድ አደረገኝ።

የልጅ ልጄ ሊዲያ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አማርኛ ስናገር ትሰማለች፣ መልሱን ግን በእንግሊዝኛ ትሰጠኛለች። በአማርኛ ስትናገር ደግሞ "አንቺ" ትለኛለች። እናቷ "እርስዎ በይ" ብላ ልትቆጣት ስትል ተዪያት አልኩ፤ አንቺ ተብዬ ከተጠራሁ አርባ ዓመት አልፎኝ ነበርና ልጅነቴ ትዝ አለኝ።

የምግብ ጠረጴዛው አጠገብ፣ መብራት ከላይ የተንጠለጠለባቸው ሁለት የመስተዋት ገንዳዎች ነበሩ። በአንደኛው ውስጥ እንደ ላባ የተከፋፈለ አረንጓዴ ቅጠል ገንዳውን ሞልቶ ይወዛወዛል። ሁለተኛው ባዶ ውሃ ነው። ሊዲያ ስለእነሱ ረጅም ንግግር አደረገችልኝ፤ እናቷም በአማርኛ ታሳጥርልኝ ነበር። የገባኝን ልንገራችሁ። እዚያ አገር ለሣር ማዳበሪያ ይሰጡታል። ሣር፣ ማንም ከብት ለማይግጠው ሣር። ዝናብ ሲዘንብ ማዳበሪያው ታጥቦ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝም ወደ ባሕር ይገባል። ያን ጊዜ ውሃው ከመጠን በላይ ይጠግባል፤ ልጋግ ያወጣል፣ ዓሣው ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህ የባሕር አረም የሚሉት ቅጠል ግን ያንን ትርፍ ምግብ ከውሃው እየመጠጠ ራሱ ያድግበታል። ሊዲያ ይህን በትምህርት ቤት የሳይንስ ውድድር ላይ ልታሳይ ነው። ያሸነፈ ወደ ትልቁ፣ ወደ ክፍለ ግዛቱ ውድድር ይሄዳል። አምና ለጥቂት አምልጧት ሦስት ቀን አልቅሳለች አለችኝ እናቷ።

በዚያ አገር ባሕር የለም፤ በእኛም የለም። ሊዲያ ጨው በከረጢት ገዝታ በውሃ በጥብጣ ነው ባሕር የሠራችው። በየቀኑ ማዳበሪያ በጠብታ ትጨምርበታለች። ከዚያ ከውሃው በትንሽ ብልቃጥ ትቀዳና መድኃኒት ታንጠባጥብበታለች። ውሃው ንጹሕ ከሆነ ቢጫ ይሆናል፤ ከጠገበ ቀይ ሥር ይመስላል።

ሁሉን ሰማሁ። ያልሰማሁት አንድ ነገር ነበር፤ ሁለተኛው ገንዳ ለምን ባዶ እንደሆነ። ወይ ሳይነግሩኝ ቀርተዋል፣ ወይ ሲነግሩኝ እንቅልፍ ወስዶኛል። የመጨረሻው ይመስለኛል።

አምስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ። ከፊት ለፊታችን በር የምትኖር ዘሃራ የምትባል የመርካቶ ልጅ ልትጠይቀኝ መጣች። ባሏም ሹፌር ነው። እሷ ራሷ እስላም ሆና ሳለች የእኔን ጾም አስባ የምስር ሳምቡሳ ጠብሳልኝ መጣች። ዘይቱ አዲስ ነው፣ ሥጋ የነካው አይደለም ብላ ማለችልኝ። ደሴ ያለሁ መሰለኝ። ልጇ ናዲያ የሊዲያ እኩያ ናት፤ ሳይንሱንም አብረው ነው የሚሠሩት። ናዲያ አማርኛዋ የጠራ ነው። ገባች፣ እጄን ሳመች፣ ከዚያ በባዶው ገንዳ ፊት ተንበርክካ ዝም ብላ አየችው። ቀዳች፣ አንጠባጠበች፣ ቀይ ሆነባት፣ ጻፈች። እኔም አየኋት።

ገንዳዎቹ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ሊዲያ የቤተ ክርስቲያኑ የፊደል ትምህርት ልምምድ እንዲሆናት በአማርኛ ነው የጻፈችው። ቅጠል በሞላው ገንዳ ላይ "ሊዲያ" ይላል። በባዶው ላይ "ናዲያ" ይላል።

ስድስተኛውን ቀን በቤተ ክርስቲያን አሳለፍን፤ ሐሳቤ ግን ገንዳው ላይ ነበር። ሳምቡሳው በሆዴ እያለ የዚያች ልጅ ባዶ ውሃ በዓይኔ ይመጣ ነበር። የእኔ ልጅ ልጅ፣ የእኔ፣ ቅጠሉን ሁሉ ለራሷ ወስዳ ለጎረቤት ልጅ ውሃ ብቻ ሰጠች።

ሰባተኛው ቀን፣ ሰኞ። ጥሩወርቅ ሽማግሌዎች በሚጦሩበት ቤት ሥራዋ ገባች። ሰይፉም ሄደ፣ ሊዲያም ትምህርት ቤት ሄደች። ብቻዬን ቀረሁ።

ቅርጫ መመደብ የወንድ ሥራ ነው ይባላል። በእኛ ሰፈር ግን ወንዶቹ አንድ ፋሲካ በጉበቱ ምክንያት ተጣልተው ዱላ ከተማዘዙ ወዲህ የምመድበው እኔ ነኝ። የምሠራውን አውቃለሁ። የብረት ትሪ ዘርግቼ ከራሱ ከገንዳው ውሃ አፈሰስኩበት፤ ዓሣን ከለመደው ውሃ አውጥቶ ሌላ ውሃ ውስጥ መጨመር እንደማይገባ እኔም አውቃለሁና በቧንቧ ውሃ አላጠብኩትም። ቅጠሉን አወጣሁ። ሁለት መደብ አደረግሁት። ረጅሙ ከረጅሙ፣ ለጋው ከለጋው፣ ሥራ ሥሩ ከሥራ ሥሩ ጋር። በእጄ እያነሣሁ መዘንኩት። ከወዲህ ቀነስኩ፣ ወዲያ ጨመርኩ። ሲስተካከል ቁልፍና የክብሪት እንጨት አምጥቼ ዕጣ ጣልኩ፤ የናዲያን ዕጣ በእሷ ፈንታ ዓይኔን ጨፍኜ አነሣሁላት። የደረሳትን በገንዳዋ አደረግሁ፣ የሊዲያንም በገንዳዋ መለስኩ። ከዚያ ጠረጴዛውን ወልውዬ ተቀመጥኩ። ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ልጆቹ ከትምህርት ቤት አብረው መጡ። ሊዲያ ቦርሳዋን እንደያዘች ቆመች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ናዲያ አፏን በእጇ ያዘች፤ ኋላ ስጠይቃት ሳቋን ልትደብቅ ነበር።

"ማነው የነካው?" አለች ሊዲያ በአማርኛ። በአማርኛ ስትጠይቀኝ ነገሩ ከባድ መሆኑ ገባኝ።

"እኔ ነኝ። እኩል አካፈልኳችሁ" አልኳት። "ጓደኛሽን ባዶ ውሃ አሸክመሽ ለራስሽ ማስቀረት ነውር ነው።"

ሊዲያ መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። ዘሃራ የበሩን ድምፅ ሰምታ መጣች፤ አስረዳችኝም። ስሞቹ የተጻፉት እያንዳንዷ የምትንከባከበውን ገንዳ ለማወቅ ብቻ ነው። ባዶው ባዶ መሆን ነበረበት። ሁለቱም እኩል ማዳበሪያ ይጠጣሉ፤ አንዱ አረም አለው፣ አንዱ የለውም። ለውጡን የሚያሳየው ያ ነው። "እማማ የሺ፣ ባዶው ምስክር ነበር" አለችኝ።

ቁጭ አልኩ። ዕድሜ ልኬን ጉቦ እንደ እባብ ስጸየፍ ኖሬ፣ አሜሪካ በገባሁ በአራት ቀኔ ምስክር አብልቼ አረፍኩት።

በእራት ሰዓት ሰይፉ መፍትሔ አገኘሁ አለ። ቅጠሉን ወደ ቦታው መልሰን ዝም እንበል፣ ማን ያያል? ችግሩ አንድ ወረቀት ነበር። በዚያ ወረቀት ላይ የትልቅ ሰው እጅ ሥራው ውስጥ አልገባም ብለው ወላጆች ይፈርማሉ። የትልቅ ሰው እጅ የገባበት ሥራ ወደ ትልቁ ውድድር አያልፍም። "እፈርማለሁ" አለ ሰይፉ፤ "ይቺ ደግሞ ምን ነገር ናት።"

"እኔ ትልቅ ሰው ነኝ" አልኩት። "እጄም እስከ ክርኔ ገብቷል።"

"እማማ፣ እርስዎ ልጅቷን ነው ወይስ ወረቀቱን የሚወዱት?"

እንደማይፈረም ብቻ ነገርኩት። ሊዲያ ከበሩ ጀርባ ትሰማ ኖሮ ብቅ አለችና፣ "አንቺ አበላሸሽ፣ አሁን ደግሞ አንቺ ልትናገሪ ነው?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ያም ሆኖ ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ስምንተኛው ቀን። ትምህርት ቤቷ በሎውሪ በኩል ነው። ሎውሪ ድሮ የአየር ኃይል ጦር ሰፈር የነበረ፣ አሁን ቤትና ትምህርት ቤት የሚሠራበት ግቢ ነው። ወታደር የወጣበት ልጅ ሲገባበት ማየት መልካም ነው፤ ደስ የምሰኝበት ጊዜ ግን አልነበረኝም። ነጠላዬን አስተካክዬ በመምህርቷ ፊት ቆምኩ። ጥሩወርቅ አስተረጎመች። አንድም ሳልቀንስ ተናገርኩ፤ ዕጣውንም፣ ክብሪቱንም።

መምህርቷ ጸጉሯን በእርሳስ የሰካች ቀጭን ሴት ናት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ልጆቹን ጠርታ፣ ቅጠሉን እንዳትመልሱ፣ የሆነውን በቀኑ ጻፉ፣ መለካታችሁንም ቀጥሉ አለቻቸው። የሆነ ነገር ይጻፋል እንጂ አይፋቅም አለች። የዕድራችን ጸሐፊ በቃለ ጉባኤ ላይ የሚለው ነው ስል ጥሩወርቅ መተርጎሙን ተወችው። ስለ ወረቀቱ ግን መምህርቷ ትከሻዋን ነቀነቀች። እሱን የሚወስኑት ዳኞቹ ናቸው፤ ደንቡ ደንብ ነው አለች።

ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጥታ ሁለቱንም መደብ በትንሽ ሚዛን ላይ አስቀመጠቻቸው። አንዴ መዘነች። መነጽሯን ጠርጋ እንደገና መዘነች። ልዩነቱ ከስንዴ ቅንጣት አይበልጥም። እኔን አየችኝ። እኔም አየኋት። ጉበት መድቤ የማላውቅ መሰላት እንዴ?

ሊዲያ ግን አላናገረችኝም።

አሥረኛው ቀን። ሁለት ቀን ሙሉ የሚያኮርፍ ልጅ ፊት መቀመጥ ከበደኝ። እንግዲያው አረሙን ራሴ ገዝቼ የጎደለውን እሞላለሁ ብዬ አንድ ቅጠል በባዶ የጃም ጠርሙስ ውስጥ ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። በረዶ እየጣለ ነበር። በቻምበርስ ሮድ ሄድኩ፣ ሄድኩ። ለሚያገኘኝ ሁሉ ጠርሙሱን አሳያለሁ። አንዱ እጁን ያወዛውዝልኛል፣ አንዱ በእግዚአብሔር ስም የምለምን መስሎት ሳንቲም ሊሰጠኝ ሞከረ፤ መለስኩለት።

በመጨረሻ ሱቆች ከተደረደሩበት ቦታ ላይ አንድ የኮርያ ሰዎች የምግብ ሱቅ ገባሁ። ባለቤቷ በእኔ ዕድሜ ያለች አጭር ሴት ናት። ጠርሙሱን ተቀብላ በብርሃን አየችው፤ ፊቷ በራ። እጄን ይዛ ወደ ውስጥ ወሰደችኝና ከመደርደሪያው እንደ ወረቀት የሳሳ ጥቁር አረንጓዴ ነገር አወረደች። የባሕር አረም ነው፤ ግን የደረቀና የሚበላ። ቆርሳ አቀመሰችኝ። ጨው ጨው፣ ዓሣ ዓሣ ይላል። ቅጠል በመሆኑ ለጾም ይሆናል ብዬ ጨረስኩት። እሷም ደስ ብሏት ሌላ ቆረሰችልኝ። ቋንቋ አልነበረንም፤ ነገር ግን ብዙ አወራን። የጦር ሜዳ ነገር አስመስላ ሽጉጥ በጣቷ እየሠራች "ኢትዮጵያ?" ስትለኝ አንገቴን ነቀነቅሁላት። ወታደሮቻችን አገሯ መዝመታቸውን ከእኔ ይልቅ እሷ ታስታውሳለች። ከዚያ ወዲያ አንድም ነገር አላስከፈለችኝም።

ስወጣ ሁሉም ሕንጻ አንድ ሆነብኝ። ሦስት ሰው ቤት አንኳኳሁ፤ ሦስቱም የእኛ በር የሚመስል በር ነበራቸው። ባለሱቋ ሴት በመስኮት አይታኝ ኖሮ ሱቋን ቆልፋ በመኪናዋ መጣችና እያንዳንዱን ግቢ እያዞረች፣ የሰይፉን ቀይ መኪና እስክለይ ድረስ ታገሠችኝ። ደሴ ውስጥ እንኳ ለእንግዳ ሱቁን የሚዘጋ ስንት ነው?

ሊዲያ በር ላይ ነበረች። እናቷ ስትደውል እኔ ቤት አለመኖሬን አውቃ ፈርታ ኖሯል። ያመጣሁትን ፓኬት አየች፣ ጠርሙሱን አየች፣ በበረዶ የራሰ ጫማዬን አየች። "እማማ፣ ይሄ የሚበላ ነው" አለችኝ። "አውቃለሁ፣ በልቻለሁ" አልኳት። ከኩርፊያዋ መሐል ሳቅ አመለጣት። አረሙን ሦስት ሆነን፣ ከናዲያ ጋር፣ በላነው። ማካፈሉን ናዲያ እንድታደርገው አደረግን።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት አልዘረዝርም። በየቀኑ ይቀዳሉ፣ ያንጠባጥባሉ፣ ይጽፋሉ። እኔ እጄን ከጀርባዬ አጣምሬ አያለሁ። የናዲያ ውሃ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀይ ሥር የነበረው፣ መጀመሪያ ወደ ብርቱካን፣ ከዚያ ወደ እርድ ቀለም ወረደ። የሊዲያ ውሃ ግማሽ ጠባቂ ስለቀረው ትንሽ ቀላ፤ ከዚያ ቅጠሉ ሲበዛ ተመለሰ። አንድ ገንዳ በአረም ሲኖርና ያለ አረም ሲኖር፣ ራሱ በራሱ ላይ መሰከረ።

አሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ በልጆችና በካርቶን ሰሌዳ ተሞልቷል። የእኛ ልጆች ሰሌዳ ላይ ሁለት መስመር ተሥሏል፤ አንዱ ቀይ ሽቅብ የሚወጣ፣ አንዱ አረንጓዴ ተኝቶ የሚሄድ። በአንድ ቀን ላይ ሁለቱም ይታጠፉና እርስ በርስ ይቀራረባሉ። በመታጠፊያው ላይ ቀስት አለ፤ በቀስቱ ጫፍ በሊዲያ የአማርኛ ፊደል "እማማ የሺ" ተብሏል።

ዳኛው ትልቅ ሰውዬ፣ የተንጠለጠለ መነጽር ያለው ነው። ዓይኑ በቀጥታ ቀስቱ ላይ አረፈ። ምንድነው ይሄ ብሎ ጠየቀ። ናዲያ እኔን በጣቷ አሳየችው።

ብዙ ጠየቀኝ፤ ናዲያ አስተረጎመችልኝ። ለምን አካፈልሽ አለኝ፤ ነገርኩት። በእኩል መሆኑን እንዴት አወቅሽ አለኝ፤ እጄን ዘርግቼ አሳየሁት፤ መምህርቷም የሚዛኑን ጽሑፍ አቀረበች። ከዚያ፣ "የትኛው ግማሽ ለየትኛው ገንዳ እንዲገባ ማን መረጠ?" አለኝ።

"ማንም አልመረጠም" አልኩት። "ዕጣ ጣልኩ።"

ዳኛው መነጽሩን አውልቆ ለጎረቤቱ ዳኛ የሆነ ነገር አለው፤ ሁለቱም ሳቁ። ናዲያ ስትነግረኝ፣ እሱ የሚያስተምራቸው ትልልቅ ተማሪዎች ዕጣ መጣሉን በየዓመቱ ይረሱታል ማለቱ ነው።

ከዚያ ግን ፊቱን አጠንክሮ ለልጆቹ ተናገረ። ሥራው ጥሩ ነው። የተጻፈውም እውነት ነው። ነገር ግን የትልቅ ሰው እጅ ስለገባበት ወደ ትልቁ ውድድር ማለፍ አይችልም። ሰይፉ ሊከራከር ወደ ፊት ራመድ ሲል ልብሱን ያዝኩት። ሊዲያ እኔን አየችኝ። እንድከራከርላት እንደምትፈልግ ዓይኗ ይናገር ነበር። ስንት ቦኖ ላይ ስንት ሰው አስለቅሻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ልቤን የበላኝ የለም።

"ደንቡ ልክ ነው" አልኩ። "በእኔ ቦታ ሌላ አያት ብትሆን ኖሮ፣ እኔ ራሴ አይለፉ እል ነበር።"

ናዲያ ይህንን ተረጎመች። ሊዲያ አንገቷን ደፋች፤ አለቀሰችም። ስንወጣ ግን እጄን ያዘች፤ እስከ መኪናው አልለቀቀችም።

ለክብር የሚሰጥ አንድ ሰማያዊ ሪባን ሰጧቸው። አንድ ሪባን፣ ሁለት ልጅ። ቤት ስንገባ ሁሉም እኔን ያዩ ጀመር። ዘሃራ ተነሥታ ከጠረጴዛው ላይ መቀሱን አንሥታ በጉርዷ ሥር ደበቀችው። እኔ ግን መቀስ አላሰብኩም፤ ሳምንት በሳምንት በተራ ይሰቀል አልኩ፤ መጀመሪያ በናዲያ ቤት፣ ባዶ ውሃ ታቅፋ ሦስት ሳምንት ታግሣለችና። ሊዲያ ተስማማች። "ለከርሞ አራት ገንዳ እናደርጋለን" አለች። "አንቺ ዕጣውን ብቻ ትጥያለሽ። ሌላ ነገር አትነኪም።"

ስመለስ ሊዲያ በአውሮፕላን ማረፊያው ድንኳን ሥር ሁለት ነገር ሰጠችኝ፤ አንድ ደብተርና የምታንጠባጥበውን መድኃኒት ከነብልቃጡ። የሰፈራችን ምንጭ ምን ቀለም እንደሚያወጣ እየጻፍኩ እንድልክላት። ስታቅፈኝ "እማማ፣ ይቅርታ ያኔ ስለጮህኩብሽ" አለችኝ። አልጮህሽብኝም አልኳት። "በሆዴ ጮኼ ነበር" አለች።

አሁን የሚቀረው ትንሽ ነው። ከሰፈራችን በታች ያለውን ምንጭ ታውቁታላችሁ። ላይኛው ኩሬ ለሰው ነው፣ ታችኛው ለከብት። በየዓመቱ ለግንቦት ልደታ ዋዜማ ሴቶቹ ተሰብስበን ከሁለቱም አረንጓዴውን ሁሉ ነቅለን እንጥላለን። ዘንድሮ የላይኛውን እንደ ልማዳችን ጠረግን። ወደ ታችኛው ስንወርድ፣ ከብቱ የሚጥለው ፋንድያ ወደዚያ ነው የሚታጠበውና፣ ግማሹን ከነአረሙ እንተወው፤ በመሐል ድንጋይ እንደርድርና ግማሹን ብቻ እንጥረግ አልኩ። አሜሪካ ምን አብልተው ላኳት ተባባሉ። ቢሆንም ወረፋ ጠባቂያቸውን ማስከፋት አልፈለጉም፤ ድንጋዩን ደረደሩ። የትኛው ወገን ይጠረግ የሚለውን በዕጣ ወሰንን።

በየሳምንቱ ቅዳሜ ወርጄ ከሁለቱም እቀዳለሁ፣ አንጠባጥባለሁ፣ እጽፋለሁ። ጠባቂም አቁሜበታለሁ፤ ከላይ ቤት ያለችው አስካለ ናት። ማንም ትልቅ ሰው እጁን እንዳያስገባ፣ የሚያስገባ ቢኖር እንድትጮህ ነግሬያታለሁ። ስሜን ለይቼ ነው የነገርኳት።

ደብተሩን ከመጀመሪያው ቀን እኩል ከፍዬዋለሁ፤ ግማሹ ለዚህ ጽሑፍ፣ ግማሹ ለውሃው ቀለም ነው። የእኔ ግማሽ እዚህ ላይ አልቋል።